«ኡስታዝ፣ ምን ባጠፋ ነው?»



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምነግራችሁ የራሴን ስህተት ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት የሰፈራችን እናት የሰባት ወር ልጇን ታቅፋ መስጂዱ በር ላይ ቆመች። ኢማማችን ስላልነበሩ እኔ አነጋገርኳት። ልጁ ሰውነቱ ልል ነው፤ ሲጠባ ይደክመዋል፣ ያልበዋል። ጎረቤቶቿ ግማሹ «ዓይን ነው»፣ ግማሹ «የወንጀልሽ ቅጣት ነው» ብለዋታል። «ኡስታዝ፣ ምን ባጠፋ ነው?» አለችኝና አለቀሰች።

ሩቅያ ቀራሁለት። «እህቴ፣ ሶብር አድርጊ፤ በየሳምንቱ አምጪው» ብዬ ሸኘኋት። ሐኪም ቤት ውሰጂው አላልኳትም። ሦስት ወር እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻ ከጀማዓችን አንዲት ነርስ ልጁን አይታ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት!» አለች። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳን። የሰው ልጅ በእያንዳንዱ ሴሉ ውስጥ 23 ከእናቱ፣ 23 ከአባቱ፣ በድምሩ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። በዚህ ልጅ ግን 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ስለሆነ ድምሩ 47 ነው። ስሙ ዳውን ሲንድረም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲፈጠር ክሮሞዞሞቹ በትክክል ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ አጋጣሚው ይጨምራል፤ ግን ወጣት እናቶችም ይወልዳሉ። ሚስጥሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት በአውሮፓም ወላጆች በማያውቁት ነገር ይጠረጠሩ ነበር።

እናትየው ዝም ብላ ሰማችና «ታዲያ እኔ ያደረግኩት ነገር የለም?» አለች። «ምንም የለም» አላት።

ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። የእሷም ልጅ ልቡ ላይ ክፍተት ነበረው። እንዲህ ያለው ክፍተት ሳይታከም ከቆየ የሳንባ ደም ሥሮችን እየጎዳ ይሄዳል፤ ኋላ ቀዶ ጥገናም ላይቻል ይችላል። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» ሲል እናትየው ወደ እኔ አልዞረችም። ያ አለመዞሯ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሸኾቻችን «አላውቅም ማለት የዒልም ግማሽ ነው» እያሉ ነበር ያስቀሩን። እኔ ግን የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ መለስኩ። ዓይን ሐቅ ነው፤ ሩቅያም ሐቅ ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ግን ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ስለዚህ አደራ፦ እንዲህ ያለ ልጅ በዘመድም በጎረቤትም ሲወለድ እናቱን «ምን አድርገሽ ነው?» አትበሏት። «ልቡ ታይቷል? ጆሮውና ዓይኑስ ተመርምሯል?» በሏት። አብራችኋት ሂዱ፣ ወረፋ ያዙላት።

አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ቀዶ ጥገናው ተሠርቶለት ዛሬ አምስት ዓመቱ ነው። ከአባቱ ጋር መስጂድ ይመጣል። ጀማዓው «ኣሚን» ብሎ ዝም ሲል እሱ ዘግየት ብሎ ለብቻው «ኣሚን» ይላል። ማንም አይቆጣውም።