ሳይነበብ አይሰረዝ

በከተማችን የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ለበሽታ ሁሉ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት አለ፤ ስሙም «ፎርማት» ይባላል። ላፕቶፕህ ተንቀራፈፈ? ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት ይደረግ። ጭራሽ አልነሣም አለ? እሱማ ምን ጥያቄ አለው! ታማሚው ምን እንዳመመው፣ ሆዱ ውስጥስ ምን እንደያዘ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ማሽን ሆድ ዕቃ ላውራ ብል «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዳሩ ግን የገጠመኝ ነገር ሲመረመር የማንበብ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፤ ማንበብ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፔ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራ፣ እኔ እጅ ከመግባቱ በፊት ሁለት ባለቤት ያየ ሽማግሌ ነው። ዋናው ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚኖረው በግድግዳ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመጣ አብሮ ይመጣል። ታዲያ አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣ፤ እሱ ግን አልመጣም። ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል «ኦፕሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር አውጥቶ ቀጥ አለ።

ዲስኩ ውስጥ 43 የድምፅ ቅጂዎች ነበሩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ እናቴ ከተወለደችበት ቀበሌ የሰበሰብኳቸው ሙሾዎች ናቸው። የቀዳሁበት ስልክ ማከማቻው ጠባብ ስለ ነበር፣ ማታ ማታ ወደ ላፕቶፑ እየገለበጥኩ ለነገ ቦታ አስለቅቅ ነበር። ከሙሾ አውራጆቹ አንዷ፣ «እማማ» እያልኩ የምጠራቸው አሮጊት፣ ከቀዳኋቸው ወዲህ አርፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላው ሰው ሲያለቅሱ የኖሩ ሴት፣ ድምፃቸው የቀረው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ተመልሼ ሄጄ «እማማ፣ እስቲ ያችን ግጥም ይድገሙልኝ» የምላቸው የሉም። እንግዲህ «ፎርማት» የምትለዋ ቃል በዚያ ሳምንት ለጆሮዬ ምን ዓይነት ቃል እንደ ነበረች ገምቱ።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። የሚሠራው ልጅ ትሑት ነው፤ እጁም ፈጣን። የድሮው ፋይል ሳይነካ ዊንዶውስ እላዩ ላይ መልሶ እንዲጭንልኝ ተስማማን። ፍላሹን ሰካ፣ ቋንቋ መረጠ፣ ቀጥል ቀጥል እያለ የዲስኩ ዝርዝር ዘንድ ደረሰ። እዚያ ላይ ማሽኑ እንቢ አለ። «ዊንዶውስ በዚህ ዲስክ ላይ ሊጫን አይችልም» የሚል ጽሑፍ ከታች ብቅ አለ። ልጁ አጥፍቶ አብርቶ ደገመ፤ ያው ነው።

«ወንድሜ፣ ዲስኩ ችግር አለበት» አለኝ። «ክፍልፋዮቹን በሙሉ አጥፍተን እንደ አዲስ እናዘጋጀው፤ ያን ጊዜ ይቀበላል።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱማ ይሄዳል።»

አመስግኜው ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

ማታ ዶርም ውስጥ የኤሌክትሪካል ተማሪ የሆነው ጓደኛዬ ያንኑ መንገድ ሄደ፤ ያንኑ እንቢታ አገኘ። በዚህ ጊዜ ግን ቸኩለን አልዘጋነውም። ጽሑፉ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዳለው ያየነው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው «አይጫንም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የተመረጠው ዲስክ አከፋፈሉ ጂፒቲ ነው» ይላል። ዲስኩ ተበላሽቷል የሚል ቃል የትም የለም! ማሽኑ የነገረን የዲስኩን ዓይነት እንጂ የዲስኩን ሞት አይደለም። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሰሙ ላይ ቆሞ ቢቀር ወርቁ ይቀርበታል፤ እኛም የመጀመሪያው መስመር አስደንግጦን ሁለተኛው ዘንድ ሳንደርስ ነበር ቀብር ልናወጣ የተነሣነው።

ነገሩን ላፍታታው። ዲስክ የሚከፋፈልባቸው ሁለት ሥርዓቶች አሉ። ጥንታዊው ኤምቢአር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። ማውጫውን የሚጽፈው በዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ለክፍልፋዮቹ የተተወው ቦታ 64 ባይት ብቻ በመሆኑ ከአራት በላይ ዋና ክፍል አይመዘግብም። አዲሱ ጂፒቲ ነው። እሱ እንደ ልማዱ ለ128 ክፍሎች ቦታ ያዘጋጃል፤ የማውጫውንም ግልባጭ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ ራሱ ቢጎዳ ጅራቱ ይመሰክራል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን አንድ ጨዋነቱን ነው፦ በመጀመሪያው ቦታ ላይ በአሮጌው ሥርዓት «ይህ ቤት ሰው አለበት» የምትል መስመር ትቶ ያልፋል። አዲሱን ማንበብ የማይችል የድሮ መሣሪያ ቢመጣ፣ ዲስኩ ባዶ መስሎት እንዳይጽፍበት ነው።

ማሽኑም የሚነሣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። የድሮው ሌጋሲ ይባላል፤ አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ዊንዶውስ ሌጋሲን ከኤምቢአር፣ ዩኢኤፍአይን ከጂፒቲ ጋር ያጋባል እንጂ አያቀያይርም። እንግዲህ የመልእክቱ ወርቅ ይህ ነው፦ «እኔን የቀሰቀሳችሁኝ በድሮው መንገድ ነው፤ ይህ ዲስክ ግን የተዘጋጀው ለአዲሱ ነው።» የታመመው ዲስኩ ሳይሆን አቀሳቀሱ ነበር።

ለመሆኑ አቀሳቀሱን ማን ለወጠው? ማንም ሰው ባዮሱን አልነካም። መልሱ ሁላችንም እያየን ያለፍነው ቦታ ተጽፎ ነበር። ባዮሱን ስንከፍት ሰዓቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ይላል። ጓደኛዬ «በኛ አቆጣጠር መሥራት ጀመረ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እርግጥ የእኛ 2012 ኮሮና አገር ውስጥ ገብቶ ተማሪ ሁሉ ከየግቢው የተበተነበት ዓመት ነው፤ ማን ይረሳዋል! ማሽኑ ግን የእኛን ዘመን አያውቅም። እሱ ወደ ተወለደበት ዓመት ነው የተመለሰው። እንደ አንዳንድ አዛውንት፣ ትናንትን ረስቶ ልጅነቱን ያስታውሳል።

ምክንያቱ አንዲት የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032 ትባላለች። ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቷ 3 ቮልት። በእንደዚህ ያለ አሮጌ ማሽን ኃይል ሁሉ ሲቋረጥ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች ይዛ የምታድር እሷ ናት። እሷ ስትሞት ማሽኑ መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉን ይረሳና ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ነበረው ምርጫ ይመለሳል፤ የእኔው ደግሞ ሲወለድ ምርጫው ሌጋሲ ነበር።

ግምት እንዳይሆን ፈተንነው። ጓደኛዬ ምርጫውን ወደ ዩኢኤፍአይ ለውጦ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ፣ አስቀመጠ። ከዚያ ገመዱን ነቅለን ጥቂት ቆየንና መልሰን ሰካነው። ወዲያው 2012! ወዲያው ሌጋሲ! ሁለታችንም ጮኽን፤ ከጎረቤት ዶርም «ጎል ገባ እንዴ?» ያለም ነበር።

እንደገና ዩኢኤፍአይ አደረግነው፤ በዚህ ጊዜ ገመዱን ሳንነቅል፣ ፍላሹንም አውጥተን አስነሣነው። ምን ሆነ መሰላችሁ? የድሮው ዊንዶውስ፣ ሞተ የተባለው፣ ጠፋ የተባለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ አለ። 43ቱም ቅጂዎች በየቦታቸው ነበሩ። አንዱን ከፈትኩ። እማማ ለማልቀስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ። ጓደኛዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔም ምንም አላልኩትም።

እስቲ ይህን አስቡት። መልሶ መጫኑ እንቢ ያለ ጊዜ አዝነን ነበር። በታዘዘው መንገድ ቢሳካ ኖሮ ግን ለሦስት ቮልት በሽታ የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰረዝ ነበር፤ ከዚያም በሚቀጥለው ቀን መብራት ሲሄድ ሰዓቱ እንደገና 2012 ላይ ይቆም ነበር። የጥገና ቤቱን ልጅ ለመውቀስ አይደለም። በር ላይ ወረፋ አለ፤ የቤት ኪራይ አለ፤ የሚከፈለው ለጨረሰው እንጂ ላነበበው አይደለም። የእኔ ጥያቄ ለራሳችን ነው። አሮጌ ነገር አልነሣ ሲለን መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ «ይሰረዝና እንደ አዲስ ይጀመር» የሚል ለምንድን ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሙሾ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቅጂዎቹን በዚያው ሌሊት ሦስት ቦታ አኖርናቸው። የሳንቲሟን ባትሪ ለወጥን፤ ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም አይርቅም። ከዚያ በኋላ እኛው ራሳችን በፈቃዳችን መልሰን ጫንን፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ 10 ነፃው የደህንነት እድሳቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ሽማግሌዬን አይቀበለውም። በነፃ የሚገኘውን ሊነክስ ጫንንበት። አሁን መብራት ሄዶ ቢመጣ ዘመኑን አይስትም።

እናንተም ጥገና ቤት ስትሄዱ «ፎርማት» ከመባሉ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ጽሑፉ እስከ መጨረሻው ምን ይላል? ሰዓቱና ዓመቱ ትክክል ነው? ማሽኑ የሚነሣው በሌጋሲ ነው በዩኢኤፍአይ? ዲስኩን የምትጠራጠሩት ከሆነም፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ በሚነሣ ሊነክስ ገብታችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ።

እኔ ወደ ጽሑፌ ተመልሻለሁ፤ ከ43ቱ 19ኛውን እየገለበጥኩ ነው። እዚያ ላይ እማማ የሚሏት አንዲት ቃል አልገባችኝም፤ እናቴንም ደውዬ ጠየቅኋት፣ አላወቀቻትም። የአገር ቤት አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ ያለው ካለ ዶርም ድረስ ብቅ ይበል፤ ደጋግመን እናዳምጣታለን። ሻይ በእኔ ነው።