ኮከቡ ቢያንስም ቀኑ ይብዛ

ከአገር ለመውጣት ስንነሳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሆቴሉ ባለ ስንት ኮከብ ነው?» ብለን ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ለቤተሰብ ጉዞ ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። የምንሄደው ለምንድን ነው? ለዚያስ ስንት ቀን ያስፈልገናል?

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። ደንበኛው የሚፈልገውንም የማይፈልገውንም በአንድ ጥቅል አስሮ መሸጥ የሙያችን አንዱ ዘዴ ነው። ስለዚህ የሆቴል ማስታወቂያ ሳነብ የማንጠቀምበትን እየሰረዝኩ ነው። መዋኛ ገንዳ? እናቴ አትዋኝም። ጂም? ማንም አይገባበትም። ከሃምሳ ዓይነት ምግብ ጋር የተዘረጋ ቁርስ? እኛ ጠዋት የምንፈልገው ቡና ነው። ከስረዛው በኋላ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ንጹሕ አልጋ፣ የሚሠራ ሻወርና ጥሩ ሰፈር ብቻ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት እናቴን ይዤ ዱባይ ሄጄ ነበር። የሄድነው ለገበያም ለጉብኝትም አይደለም። ታላቅ እህቴ እዚያ በሰው ቤት ትሠራለች። እናቴ በዓይኗ ካየቻት አምስት ዓመት አልፎ ነበር። እኔ ቢዝነስ የተማርኩት እሷ እየላከችልኝ ስለሆነ፣ የዚህ ጉዞ ወጪ ለእኔ እንደ ሌላው ወጪ አልነበረም።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። የእህቴ ቀን እሑድ ነው። እንግዲህ ስሌቱን እዩልኝ። በኮከብ ከፍ ያለ ሆቴል ብንገባ በያዝነው ገንዘብ የምናድረው አራት ሌሊት ነው፤ አንድ እሑድ ብቻ ማለት ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ሆቴል ብንይዝ ቅዳሜ ገብተን በሳምንቱ ሰኞ መውጣት እንችላለን፤ ዘጠኝ ሌሊት፣ ሁለት እሑድ። ለእናቴ ሁለቱን አማራጮች ስነግራት «ሁለት እሑድ እያለ ምኑን ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ።

የመረጥነው ሰፈር ዴይራ ነው። ዴይራ የዱባይ አሮጌ የንግድ ሰፈር ነው፤ የወርቅና የቅመማ ቅመም ገበያዎቹ የታወቁ ናቸው። ርካሽ ሆቴሎችም፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የሜትሮው ቀይ መስመር በአየር ማረፊያው ተርሚናል 1 እና 3 እንዲሁም በዴይራ ያልፋል። በባቡሩ ውስጥ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል ስላለ ለእናቴ ተመችቷታል። ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ስለማይሠራ በውድቅት የምትደርሱ ከሆነ የታክሲ ገንዘብ ያዙ። ከመሃል ከተማ የራቀ ርካሽ ሆቴል ግን ርካሽ አይደለም፤ በክፍሉ ያተረፋችሁትን በየቀኑ ለታክሲ ትከፍሉታላችሁ።

ስለ ዋጋ ሳነሳ አንድ ነገር ልብ በሉ። በማስታወቂያው ላይ የምታዩት ቁጥር ሁልጊዜ የመጨረሻው አይደለም። ዱባይ ውስጥ በክፍሉ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያና 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሊጨመር ይችላል። ከ2014 ወዲህ ደግሞ «ቱሪዝም ድርሃም» የሚባል አለ፤ እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ ክፍል በሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ይከፈላል። 150 ድርሃም የተባለ ክፍል እነዚህ ሁሉ ሲደመሩበት ከ190 ድርሃም በላይ ይሆናል። በዘጠኝ ሌሊት ስታባዙት ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ብዙ ሆቴሎች ስትገቡ መያዣ ገንዘብ ስለሚጠይቁም ለብቻው አስቀምጡ። መያዣው ስትወጡ ይመለሳል።

ለእኛ ከዋጋው እኩል የሚያሳስበን የእንግዳ ጉዳይ ነበር። አንዳንድ ሆቴሎች ያልተመዘገበ ሰው ወደ ክፍል እንዲወጣ አይፈቅዱም። አንዳንዶቹ መታወቂያ መዝግበው እስከ ምሽት ይፈቅዳሉ። እህቴ የምትመጣው ቀኑን ከእኛ ጋር ለመዋል ነው፤ በሎቢ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትመለስ አይደለም። ክፍያ ከመፈጸሜ በፊት ለሦስት ሆቴሎች ጽፌ ጠየቅኩ። አንዱ አይቻልም አለ፤ አንዱ መልስ አልሰጠም፤ ሦስተኛው መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ አለ። የገባነው ሦስተኛው ጋ ነው። አነስተኛ ማብሰያ ያለው ክፍል ነበር።

ክፍሉን እንዳላሳምርላችሁ። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው። ሊፍቱ ቀርፋፋ ነው፤ ኤሲው እንደ ወፍጮ ያጓራል። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ጠባብ ነው፤ ግን ቤት ነው» አለች። ወዲያው ሻንጣዋን ከፍታ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ድርቆሹንና ጀበናውን መደርደር ጀመረች። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጣሪያው ላይ የጭስ መቆጣጠሪያ ስላለ ዕጣኑ ሳይጨስ ቀረ። እናንተም ብትሆኑ ይህን አትርሱ፤ በሆቴል ክፍል ውስጥ ቡና መቁላት ሕንፃውን ሁሉ በደወል ሊያናጋው ይችላል።

እሑድ ጠዋት እህቴ መጣች። ስለ ለቅሶውና ስለ መሳሳሙ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የምነግራችሁ ከቡናው በኋላ የሆነውን ነው። ሁለተኛው ስኒ እጇ ላይ እያለ ዓይኗ መከደን ጀመረ። እናቴ ስኒውን ተቀበለቻትና ጫማዋን አውልቃ በራሷ አልጋ ላይ አስተኛቻት። እህቴ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ቴሌቪዥን እንዳልከፍት፣ ስልክ እንዳላነሳ በእጇ ምልክት ትሰጠኝ ነበር። ስትነቃ ደንግጣ ሰዓቷን አየችና «በቀን ተኝቼ እኮ አላውቅም» አለች። እናቴም «ተኚ፣ የሚጠራሽ የለም» አለቻት።

ያን ዕለት ወጥተን በትልቅ የገበያ ማዕከል ብንዞር ኖሮ ፎቶ ይኖረን ነበር። ሰው ጫማውን አውልቆ የሚተኛበት ቦታ ግን ሬስቶራንትም ሆነ መናፈሻ አይሰጥም። ለእህቴ ያስፈለጋት እሱ ነበር። በሁለተኛው እሑድ በርትታ ስለመጣች በ1 ድርሃም የእንጨት ጀልባ ተሳፍረን ክሪክ የሚሉትን የባሕር ወሽመጥ ወደ ቡር ዱባይ ተሻገርን። ብዙ የሳቅነውም ያን ቀን ነው። አንድ እሑድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የደረሰልን ድካሟ ብቻ ነበር።

ርካሽ ሆቴል ለሁሉም ጉዞ ይሁን እያልኩ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ለመዝናናት የምትሄዱ ከሆነ የመዋኛ ገንዳው ራሱ የጉዞው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አትሰርዙት። ለመታከም የምትሄዱ ከሆነ ለሆስፒታሉ ቅርብ መሆኑ ከሁሉም ይቀድማል። በሩና ቁልፉ የማያስተማምን ሆቴል ደግሞ በነፃ ቢሰጣችሁም አትግቡ።

ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከትኬቱ በፊት፣ ከሆቴሉም በፊት የምትጠይቁትን ሰው የዕረፍት ቀን እወቁ። ስንት የዕረፍት ቀን አብራችሁ ማሳለፍ እንደምትፈልጉ ወስኑ። ሆቴሉን ምረጡ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።