ጠዋት ማን ይከፍተዋል?

«ጓሮዬ ውስጥ ግሪን ሃውስ ልሠራ ነው፤ ምን ዓይነት ላስቲክ ልግዛ?» የሚሉኝ ወጣቶች በርክተዋል። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ አትክልት ወሬ ከኳስ ወሬ ጋር መፎካከር ጀምሯል። ደግ ነው! እኔ ግን ከላስቲኩ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ጠዋት ማን ይከፍተዋል? ማታስ ማን ይዘጋዋል?

ይስቁብኛል። «ምነው፣ ዘበኛ እንቅጠርለት እንዴ?» ይላሉ። መሳቁን ይሳቁ፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ፈረንጅ አገር ግሪን ሃውስ በዋናነት ብርድ መከላከያ ነው። እኛ ጋ ሥራው ይለያል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀን ደግሞ ጸሐይዋ አናት ትበሳለች። ክረምት ሲገባ ዝናቡ የቲማቲሙን ቅጠል ሲያረጥበው ይሰነብትና ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ ይከተላል። ስለዚህ የእኛው ላስቲክ ቤት ቀድሞ ነገር የዝናብ ጃንጥላ፣ ቀጥሎ የሌሊት ጋቢ ነው። ቀን ላይ ጋቢው ካልተገለጠ ግን ውስጡ ምድጃ ይሆናል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም አበባ ይራገፋል። እንግዲህ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሆን የሚከፍት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ሰው የግድ ነው።

በእኛ ግቢ የሆነውን ልንገራችሁ። ጎፋ ባለው ቤታችን ከሰርቪሱ ጀርባ 3 በ4 ሜትር የሆነች ባዶ ቦታ አለች። እህቴ «አንድ ክፍል ሠርተን እናከራያት» አለች። እኔ ግሪን ሃውስ አልኩ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ! ሒሳብ ተሠራ። አልደብቃችሁም፤ ቲማቲም የቤት ኪራይን አያሸንፍም። ነገሩ አበቃለት ስል፣ አባታችን ከተቀመጡበት «እኔ እከፍተዋለሁ» አሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ማዳመጥ ነበር ሥራቸው። ስለ ቤቱ ጉዳይ ሐሳባቸውን የሚጠይቃቸው እንኳ አልነበረም። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። እህቴ ዝም አለች። «አንድ ዓመት ይሞከር፤ ካልሆነ ክፍሉ ይሠራል» ተባለና ተፈረደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቋሚውም ማገሩም የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ምስጥ እንዳይበላው የቋሚዎቹን እግር በሲሚንቶ አቆምን። ላስቲኩ ሆለታና ቢሾፍቱ ያሉት የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ጸሐይ የሚቋቋመው ባለ 200 ማይክሮን ይሁን። ተራው የግንባታ ላስቲክ ርካሽ ነው፤ ግን ጸሐይ ይበላውና እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ምስማሩ ላስቲኩን እንዳይቀደው ከሥሩ የቢራ ቆርኪና ቁራጭ ከመነዳሪ አድርጉበት። ሁለቱ ጎኖች ወደ ላይ የሚጠቀለሉ ይሁኑ፤ ነፋስ የሚገባው በነሱ ነው። ጸሐይ ለእኛ በአብዛኛው ከአናት ስለምትመጣ የቤቱ አቅጣጫ ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ የሚያስጨንቀው የጎረቤት ፎቅ ጥላ ነው። ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጥላው የት እንደሚውል ተመልከቱ።

ውኃስ? ጣሪያ ተሠራ ማለት ዝናብ ውስጥ አይገባም ማለት ነው። ክረምትም ቢሆን ማጠጣት አለ! አሸንዳ አበጅታችሁ በርሜል ደቅኑ። 12 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት እስከ 120 ሊትር ይሰጣል። ቧንቧ በተራ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን አባታችን ጠዋት ጎኖቹን ይጠቀልሉና ቲማቲሙ የተንጠለጠለበትን ክር አንድ በአንድ በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ውጭ ቢሆን ነፋሱ ነበር አበባውን የሚያራግፍ፣ ብናኙን የሚያዳርስ፤ ውስጥ ግን ሰው ያስፈልጋል። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። እህቴ ሐሳቧን አልለወጠችም፤ የክፍሉን ነገር ገና ታነሳለች። ባለፈው ሳምንት ሥራ ልትሄድ ስትል አባታችን አንድ ፌስታል ቲማቲም አስያዟትና «የኪራይ ድርሻሽ» አሏት። ሳቀች፤ ግን «ሁለት ወር ቀርቶታል» ማለቷን አልተወችም። እኔም ፍርዱ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ወዳጆቼ፣ ቤታችሁ ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ከሆነ፣ ግድግዳውን ትታችሁ ጣሪያ ብቻ ሥሩ። ዝናቡን ይከላከልላችኋል፤ ክፈቱኝ፣ ዝጉኝ አይልም። ቤት የሚውል ሰው ካለ ግን፣ ላስቲኩን ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ አማክሩት። ምናልባት እሱም ሥራ ስጡኝ ለማለት አፍሮ ይሆናል።

ቸር ሰንብቱ!