ካሜራው ከመከፈቱ በፊት

«ኦንላይን ኮርስ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። አብዛኞቻችሁ እዚሁ ጎንደር ናችሁ፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ የተመረቃችሁ፣ ደኅና ስልክ ያላችሁ፣ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ የማይከብዳችሁ፣ ሥራ ግን ያላገኛችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ቆራርጬ ከምመልስ የማስበውን በሙሉ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

የምትልኩልኝ ርእሶች በጣም ይመሳሰላሉ። ዲጂታል ማርኬቲንግ፣ ፎሬክስ፣ ግራፊክ ዲዛይን፣ ኮዲንግ ለጀማሪዎች። እነዚህን ማስተማር ነውር የለውም። ግን አስቡት፤ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግና የዳታ ትምህርትን በነፃ፣ ያውም ከምስክር ወረቀት ጋር ይሰጣል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የሌለ ነገር የለም። በነፃ የሞላውን ነገር ማራኪ ቁጭ ብሎ በገንዘብ ለመሸጥ መነሣት ምን ያህል ያዋጣል? ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላውን ከማስተማራችሁ በፊት እናንተው ገና ብዙ መማር ይቀራችኋል።

እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ራሳችን አስተማሪ ካልሆንን አትበሉ። የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ዕውቀቱ የእሱ፣ ቀረጻው፣ አደረጃጀቱና ሽያጩ የእናንተ ይሁን። ርእሱም ጠባብ ይሁን፤ በጣም ጠባብ።

ጠባብ ስል የሚደነግጥ አለ። «ገዢው ያንሳል» ይላል። የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን እኮ ለብዙ ዘመን የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይወጣል፤ አቋቋም የፈለገ ጎንደር በአታ ይመጣል። ሁሉን ነገር በአንድ ቦታ ጨርስ የሚለው የለም። ተማሪው ስንቁን በአኮፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ከጎጃም ከወሎ ከትግራይ ድረስ በእግሩ የሚመጣው ያ መምህር በዚያ ትምህርት ወደር ስለሌለው ነው። ርእሱ በጠበበ ቁጥር ሰው ከሩቅ ይመጣል። ዛሬ ያ ተማሪ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሊሆን ይችላል። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ለጥምቀት መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከካህናቱ ጋር መቆም የሚመኝ፣ ግን ሥራውንና ልጆቹን ትቶ ጎንደር መጥቶ ዓመታት መቀመጥ የማይችል ሰው ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ዕውቀት ውጪም ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝም ይኸኛው ነው። ከደጋው፣ ከዳባትና ከደባርቅ አካባቢ፣ በየዓመቱ ወጣቶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። እዚያ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ካላዛር ይይዛቸዋል። በሽታው ቶሎ አይታወቅም። ወደ ቀዬአቸው ከተመለሱ በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ሰውነታቸው ይከሳል፣ ጣፊያቸው ያብጣል። ደጋ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ባለሙያ ካላዛርን ብዙም ስለማያይ ወባ ነው ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ሊያክመው ይችላል። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ ይገድላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይህን በሽታ በየቀኑ የሚያዩ ናቸው። ታዲያ ከእነሱ ጋር ሆኖ ለደጋ ጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በአማርኛ አጭር ኮርስ ማዘጋጀት ምን ይከለክላል? መቼ መጠርጠር እንዳለባቸው፣ ታማሚውን የት ሄደህ ሠርተህ መጣህ ብለው እንዴት እንደሚጠይቁ፣ መቼ ሪፈር እንደሚጽፉ። የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ስለሚጠበቅበት ገዢው በሌላ ርእስም ቢሆን መሠልጠኑ አይቀርም። በእርግጥ እንዲህ ያለውን ኮርስ ዕውቅና ባለው ሰጪ ተቋም በኩል ማሳለፍ ግድ ነው፤ በራሳችሁ የምትለጥፉት አይደለም። አብሮ መሥራት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይህ ለጎንደር አዲስ አሳብም አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ከኋላው ደንቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠልጥኖ በቡድን ወደየጤና ጣቢያው ሲልክ ያሰበው ዕውቀቱ ሐኪም ወደሌለበት ቦታ እንዲደርስ ነው። ዛሬ የምንሠራው ኮርስ ያንኑ ሐሳብ በስልክ የሚያደርስ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ፤ ዕውቀቱን የሰጠው ሰው ምን ያገኛል?

አለቃ ገብረ ሐናን ሁላችንም በቀልዳቸው እናውቃቸዋለን። ትልቅ የአቋቋም ሊቅ መሆናቸውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እንደሚተረከው የጣናን ሞገድ ሲመለከቱ ቆይተው አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። እሳቸውም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ ያ ስልት በመላ አገሪቱ የሚታወቀው «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ነው። ፈጣሪው አባት ናቸው፤ ስሙ የቀረው ያሠራጨው ልጅ ነው። በአባትና በልጅ መካከል ይህ የሚያስከፋ አይደለም። እናንተና መምህሩ ግን አባትና ልጅ አይደላችሁም።

ሕጉም መምህሩን በሚገባ አይጠብቃቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተገለጸውን ሥራ ነው፤ ማለትም መጽሐፉን፣ ቅጂውን፣ ፊልሙን። ሐሳቡን፣ ዘዴውን፣ አሠራሩን ለብቻው አይጠብቅም። ይህ ማለት አንድ በገና ደርዳሪ በዕድሜያቸው ያካበቱትን የቅኝትና የአደራደር ዕውቀት ለእናንተ ካሜራ ሲናገሩት በእጃችሁ የሚቀረው ፋይል ነጋዴ የሚሸጠው ንብረት ይሆናል፤ በእሳቸው ዘንድ የሚቀረው ዕውቀት ግን ማንም አይቶ ሊቀዳው የሚችል ነገር ነው። አንድ ጊዜ ጥቂት ሺህ ብር ተሰጥቷቸው፣ ምስጋና ቀርቦላቸው፣ ቪዲዮው ለዓመታት ሲሸጥ ምንም የማያገኙ ባለሙያ ቢኖሩ ሕግ ጠቅሶ መከራከር አይቀላቸውም። ይህ እንዳይደርስ አስተማማኙ መከላከያ አስቀድሞ የተጻፈ ውል ነው።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው፤ ከባለሙያው ጋር የሽያጭ ድርሻ ተፈራረሙ እንጂ የቀን አበል አትክፈሉ። ድርሻው ስንት ይሁን? በዓለም ላይ የሚሠራበት አንድ ቁጥር የለም። ትልቁ የኮርስ ገበያ ዩዴሚ የታወቀበት አሠራር ገዢውን ራሱ መድረኩ ሲያመጣው ለአስተማሪው 37 በመቶ፣ አስተማሪው በራሱ ሊንክ ሲያመጣው 97 በመቶ መክፈል ነው። እኔ ለእኛ ሁኔታ የሚሻለው በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ ከተነሣ በኋላ እኩል መካፈል ነው ብዬ አምናለሁ። ኤዲት ማድረግ፣ ማስተዋወቅ፣ ለገዢ ጥያቄ መመለስ ከባድ ሥራ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እሳቸው የከፈሉት ዕድሜያቸውን ነው።

ውሉ ላይ ድርሻው ብቻ አይጻፍ። ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሚሸጥ፣ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችል እንደሆነ፣ ባለሙያው ቢሞቱ ድርሻቸውን ማን እንደሚቀበል ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሰው ለማንሣት ያፍራል፤ ግን ከአዛውንት ጋር ስትሠሩ ከሁሉ የሚያስፈልገው እሱ ነው። የሽያጩን መዝገብ በየወሩ የሚያዩበት መንገድም ይኑር። ስማርት ስልክ ከሌላቸው ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ይመልከትላቸው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ያለው እዚሁ ማራኪ ግቢ ነው፤ ረቂቁን የሚያይላችሁ አብሮ አደግ አታጡም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። የአብነት መምህር ተማሪውን ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪውም የሚኖረው ለምኖ ነው። በዚህ ላይ ዋጋ ለጥፎ መሸጥ መምህሩን ሊያሳዝናቸው ይችላል። ከደብሩ አስተዳደር ፈቃድ ሳይገኝ አትጀምሩ። ምናልባት መምህሩ ለራሳቸው ምንም አልፈልግም ይሉ ይሆናል፤ ያኔ ድርሻቸው ለጉባኤው ተማሪዎች ቀለብና ልብስ እንዲሆን ጠይቋቸውና እሱንም ጻፉት። አይሆንም ካሉ ግን አይሆንም ነው። አግባብታችሁ፣ ጎትጉታችሁ፣ በልጃቸው በኩል ዞራችሁ አትሂዱ።

ስለ አሠራሩ የምለው ብዙ አይደለም፤ አንዱን ብቻ ላጽናው። የምትሸጡት ቪዲዮውን እንዳይመስላችሁ። በአብነት ቤት መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ ይሰሙታል፤ ሲስት ያስቆሙታል፤ ደግመህ በል ይሉታል። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስቀጽላሉ። ዕውቀቱ የሚተላለፈው በዚያ እርማት ነው። ቪዲዮ ተማሪውን አይሰማም። ስለዚህ ቪዲዮው አጭር ይሁን፤ ገዢው የራሱን ድምፅ ወይም የእጁን አጣጣል ቀርጾ በቴሌግራም ይላክ፤ መምህሩ ወይም እሳቸው የመረጡት ደቀ መዝሙር በድምፅ መልእክት ያርሙት። ይህ ቁጥሩን ይገድበዋል፤ በአንድ ዙር ሃያ ሰው ካለፈ መምህሩ ይደክማሉ። ግን ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነው። በነፃ ቪዲዮ ያላገኘው ይህን ነው።

ከመቅረጻችሁ በፊት ሽጡ። ድፍረት ቢመስልም ለመምህሩም ክብር ነው፤ ማንም የማይገዛውን ነገር ለሳምንታት አታደክሟቸውም። የሦስት ደቂቃ ናሙና ቅረጹ፤ ጉዳዩ ወደሚመለከታቸው ሰዎች ብቻ ላኩት። ለአቋቋም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ለካላዛር ወደ ጤና ባለሙያዎች ግሩፕ፣ ለበገና ውጭ አገር ወዳሉ ማኅበራት። በቲክቶክ ሚሊዮን ሰው ቢያየው የሚገዛው ላይኖር ይችላል፤ በአንድ ማኅበር ግሩፕ ሃምሳ ሰው ቢያየው ግን አሥሩ ሊመዘገብ ይችላል። ቅድሚያ ክፍያ ተቀብላችሁ በቂ ሰው ካልመጣ ገንዘቡን መልሱ፤ እንደምትመልሱም ቀድማችሁ ተናገሩ።

ክፍያው ለአገር ውስጥ ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገጠር ያለ የጤና ባለሙያም ከስልኩ ይከፍላል። የውጭው ነው የሚያስቸግረው። ስትራይፕን የመሰለው የክፍያ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ ሒሳብ ስለማይከፍት ብዙ ሰው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም ይቀበላል። እንዲያ ካደረጋችሁ ያ ዘመድ ሦስተኛ ሸሪክ ነው፤ እሱም ይፈርም። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥርም ከመጀመሪያው አውጡ።

ኢንተርኔትን አትመኑ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲዘጋ በዚያ ላይ የቆመ ሥራ ሁሉ ምን እንደሆነ አብረን አይተናል። ኮርሱ ያለ ኢንተርኔትም የሚሠራ ይሁን። ፋይሉ ቀላል፣ ድምፁ ለብቻው የሚወርድ፣ በፍላሽ የሚሰጥ፣ ከእሱ ጋር የታተመ ትንሽ ደብተር ያለው። ደባርቅ ያለችው ነርስ ኔትወርክ ባገኘች ቀን አውርዳ በሌላው ቀን ትማርበታለች።

ከእናንተ መካከል ጤና የተማረ፣ የሌሽማኒያሲስ ማዕከሉ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። የካላዛሩን ኮርስ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። ድምፁንና ኤዲቲንጉን እኔ እችላለሁ፤ የውሉን ረቂቅ የሚያነብ ሕግ የተማረ ሰውና ዕውቅና ካለው ሥልጠና ሰጪ ጋር የሚያገናኝ ሰው ያስፈልገናል። የቆላው ሥራ ሲያልቅ ልጆቹ ወደ ደጋ ይመለሳሉ፤ ከዚያ በፊት የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ጤና ጣቢያዎቹ ጋ እንዲደርሱ እፈልጋለሁ።