ሌሊት የሚሠራ ሰው ቤት እንግድነት

ላስ ቬጋስ ከርሜ አንዲት ዶላር ሳላስይዝ ተመለስኩ ስል ማንም አያምነኝም። «ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?» ይሉኛል። ሞተሬን ስነዳ፣ የሰው ቤት ስበላ፣ ሰው እንዳይነቃብኝ ደግሞ ጫማዬን በእጄ ይዤ ስራመድ። ይቺን የመጨረሻዋን በአፍ ማስረዳት ስለከበደኝ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ረጅም ጽሑፍ የሚሰለቸው ከወዲሁ ይለፈኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ከሎስ አንጀለስ ቬጋስ 435 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ሰው የሚተኛበት መንገድ ነው፤ በሞተር ግን መተኛት የለም። ካሆን የሚባለው መተላለፊያ ላይ ነፋሱ ከጎን እየመጣ መሪውን ሊነጥቅህ ይታገላል፤ ባርስቶው ካለፍክ በኋላ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ይሞቃል። ሞተር የማይነዱ ሰዎች «ነፋስ እያገኘህማ አይሞቅህም» ይላሉ። እስከ 35 ዲግሪ ገደማ እውነት ነው። አየሩ ከቆዳህ ከሞቀ ግን ነፋሱ ሙቀት ይጨምርብሃል እንጂ አይቀንስልህም። ላቡም ገና ሳይታይ ይደርቃል፤ ሰው ውሃ ማጣቱን የሚያውቀው ራሱ ሲዞር ነው። ስለዚህ የበረሃ ሞተረኛ በሙቀት ጃኬቱን አያወልቅም፣ ይዘጋዋል። ከውስጥ ቲሸርቱን በውሃ ነክሮ ይለብሳል። ቤከር የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ 134 ጫማ ከፍታ ያለው ቴርሞሜትር ቆሟል። ቁመቱ ያለ ነገር አይደለም፤ በ1913 እዚያው አጠገብ ባለው ዴዝ ቫሊ የተመዘገበውን 134 ፋራንሃይት ለማስታወስ ነው፣ በእኛ ልኬት 56.7 ዲግሪ መሆኑ ነው። ግንቦት ማለቂያ ላይ ነበርኩና ቁጥሩ እዚያ አልደረሰም። እኔም አልቆጨኝም።

የማርፈው ከአብሮ አደጌ ቤት ነው። ካሲኖ ውስጥ ዲለር ነው፤ ሩሌት ያዞራል፣ ሲያዙት ብላክጃክ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ባለቤቱ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። እሱ ማታ ወጥቶ ሊነጋጋ ሲል ይገባል፤ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ልጆቹን የሚይዙት ከአገር ቤት የመጡት እናቷ፣ እማማ፣ ናቸው። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ከውስጥ በኩል በወጥ ቤት ፎይል ተለብጧል፤ የኔቫዳን ፀሐይ ተራ መጋረጃ አይችላትም። ጥግ ጥጉ በፕላስተር ተይዟል፣ ፕላስተሩ በሙቀት የለቀቀበት ቦታ ደግሞ ሌላ ተደርቦበታል። በሰፈሩ መንገድ ላይ በእግር ብትሄዱ እንዲህ የሚያብለጨልጭ መስኮት ታያላችሁ። ማን ሌሊት እንደሚሠራ ከውጭ ይታወቃል።

ሐበሻው ቬጋስን ለምን መረጠ ቢባል መልሱ ብዙ ምሥጢር የለውም። ኔቫዳ በደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አታስከፍልም፣ የቤት ዋጋው ከካሊፎርኒያ ይሻላል፣ ሥራው ደግሞ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው። ብዙው በታክሲ ነው የጀመረው። በ2015 ኡበር ሲገባ የታክሲው ገቢ ተመታ፤ የቻለ ወደ ካሲኖ ገባ፣ ያልቻለ ሁለቱንም ያዘ። በ2020 ኮሮና መጥቶ ካሲኖዎቹ ለ78 ቀን ሲዘጉ ወዳጄ የቤቱን ዕዳ እንዴት እንደሚከፍል ሳያውቅ ሳሎን ቁጭ ብሎ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም። ዛሬ ካውንቲው ራሱ ዲኬተር ጎዳና አካባቢ ያለውን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል፤ ክትፎው፣ የእንጀራ መሸጫው፣ የጸጉር ቤቱ ሁሉ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር። ይህች ከተማ የምትኖረው እንግዳ በመቀበል ነው። ወዳጄ የማያውቀውን ሰው ሌሊቱን ሙሉ በፈገግታ ሲያስተናግድ ያድራል። ባለቤቱ የማታውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ቀኑን ሙሉ ስትገፍ ትውላለች። ከዚያ ደክሟቸው ቤት ሲገቡ እኔ አለሁ። ሌላ እንግዳ። ከፍሎ ያልመጣ፣ ቲፕ የማይሰጥ።

ጠዋት አልጋዬን አንጥፌ እወጣለሁ፤ ስመለስ እንደ አዲስ ተነጥፎ አገኘዋለሁ፣ ጥጎቹ በሆቴል ወግ ተጣጥፈው። «እህቴ፣ ኧረ ተይ፣ ሥራሽ ላይ አልበቃ ብሎሽ ነው?» ብላት፣ «የአንተ አነጣጠፍ እኮ ዓይኔን ይወጋኛል፣ እጄ እንቢ አለኝ» አለች። እየሳቀች ነው። ወገቧን ግን በመዳፏ ደግፋ ነበር የምትስቀው።

እዚያ ቤት ውዱ ነገር እንቅልፍ ነው። ምግብ ሞልቷል፣ ቦታ አለ፣ ሳቅ አለ፤ እንቅልፍ ግን ተቆጥሮ ነው የሚደርሳቸው። እንግዳ ደግሞ የሚበላው እሱን ነው። በእኛ ወግ «እንግዳ ሲኖር እንዴት ይተኛል?» ይባላል፤ ወዳጄም ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ቡና ይፈላ፣ እንጫወት» ይላል። ዓይኑ ግን ተከድኗል። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ፤ እሱ ከመግባቱ በፊት መውጣት። ሞተሬ አሮጊት ናት፣ ማርሚታዋም ትጮኻለች፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ባስነሳት ሰፈሩን በሙሉ እቀሰቅሳለሁ። ፎሌ አድርጌ እስከ መንገዱ ማዕዘን እገፋታለሁ፣ እዚያ አስነሳለሁ። እማማ ብቻ ናቸው የሚያውቁብኝ። ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ይቆሙና፣ «ልጄ፣ መኪና የሚያህል ነገር እያለ በዚህ በሁለት እግሩ?» ይላሉ። ከዚያ ደግሞ ለሞተሯም ለእኔም አንድ ላይ ያማትቡልናል።

ቫሊ ኦፍ ፋየር ያልሄደ ይሂድ፤ ከከተማው 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ የኔቫዳ የመጀመሪያው የግዛት ፓርክ ነው። ድንጋዩ ድሮ የአሸዋ ክምር ነበር አሉ፣ በዳይኖሰር ዘመን። ጠዋት ላይ ቀዩ ቀይ ብቻ አይደለም። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም፣ ፎቶው ይበልጣል።

ሁቨር ግድብ ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችው በ1931 ነው፤ ግድቡ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። 221 ሜትር ከፍታ ያለውን ግንብ ሲያቆሙ ሥራው በሦስት ፈረቃ፣ ሌትም ቀንም አይቋረጥም ነበር። በመጀመሪያው በጋ ሠራተኛው ገና ቤት አልተሠራለትም፤ ከነቤተሰቡ በድንኳን ነበር የሚያድረው፣ በሙቀት የሞቱም ነበሩ። ሌሊት ሠርቶ የመጣው ሰው ቀን እዚያ ድንኳን ውስጥ እንዴት ይተኛ ነበር? ግድቡን ከሚያዩት ስንቱ ይህን እንደሚያስብ እንጃ፤ እኔ ፎይሉን ካየሁ በኋላ ከአእምሮዬ ሊወጣልኝ አልቻለም። ለግድቡ ሠራተኞች የተቆረቆረችው ቦልደር ሲቲ ዛሬም ድረስ ቁማር የተከለከለባት ናት። ከግድቡ ጀርባ ያለው ሚድ ሐይቅ ደግሞ ውሃው ስለሸሸ ገደሉ ላይ ነጭ መስመር ጥሏል፤ ድሮ ውሃው የት ይደርስ እንደነበር በዓይን ይለካል። የቬጋስ ሰው የሚጠጣው 90 በመቶ ያህሉ ከዚያው ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ነው።

ዴዝ ቫሊ የሄድኩት ገና ሳይነጋ ነው። 160 ቁጥር መንገድ ስፕሪንግ ተራሮችን ወጥቶ ወደ ፓሕረምፕ ይወርዳል፤ ላይ ስትደርስ ይበርዳል፣ ስትወርድ ሙቀቱ በየኩርባው ይጨምራል። ባድዋተር የሚባለው ሥፍራ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከዚያ የዘቀጠ ምድር የለም። ከሞተር ወርጄ ሄልሜቴን ሳወልቅ ዝምታው ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። መሬቱ ጨው ነው፣ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ እሱም ሞተረኛ፣ ከየት እንደሆንኩ ጠይቆኝ ስነግረው፣ «የእናንተ ይበልጣል እኮ!» አለኝ። አፋርን ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ ዳሎል በ1960ዎቹ በተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፣ ሰው በኖረበት ቦታ ከተለካው ሁሉ የሚበልጥ። ዝቅታውም ከዚህ ይበልጣል። እኔ አፋር ሄጄ አላውቅም፤ እሱ ግን ሄዷል። የግመሎቹን ሲራራ በስልኩ አሳየኝ። እዚህ ደግሞ በ1880ዎቹ ቦራክስ የሚባለውን ማዕድን በሃያ እንስሳ፣ ይበልጡን በበቅሎ፣ የሚጎተት ሠረገላ ላይ ጭነው እስከ ባቡር ጣቢያው 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዱ ነበር። ሁለት ሰዎች በጨው ሜዳ መሐል ቆመን፣ እሱ ስለ ግመል እኔ ስለ በቅሎ ስናወራ ፀሐይዋ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ መቆም አይቻልም።

ስመለስ ፓሕረምፕ ላይ የኋላ ጎማዬ ምስማር በላ። ሁለት ጎሚስታ ጠየቅሁ፤ ሁለቱም የሞተር ጎማ አንደፍንም አሉ፣ ኃላፊነቱን ይፈሩታል። ሰዓቱ ቀትር ነው። ነዳጅ ማደያው ጥላ ሥር ቆሜ ስልኬን አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ወዳጄ ገና ሦስት ሰዓት ቢተኛ ነው። ለእማማ ደወልኩ፣ ዝም ብዬ ምክር ልጠይቅ ብዬ። «ቆይ» አሉ። ከዚያ ስልኩ ውስጥ የሰማሁት የበር መንኳኳት ነው።

የጎረቤቱን ፒክአፕ ለምኖ፣ ተራራውን አቋርጦ መጣ። አንድም ቃል አልተናገረኝም። መጀመሪያ በረዶ የሆነ ውሃ ሰጠኝ፣ ቀጥሎ እማማ የላኩትን ፍርፍር፣ «ሳትበላ አንጭንም» ብሎ። ከማደያው ሁለት ሰዎች አገዙን፤ ሞተሯን በሳንቃ ላይ ገፍተን አወጣናት። ማሰሪያውን እሱ ነው የቋጠረው። ሲጨርስ እጁን አንዴ አጨበጨበ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠ። ዲለር ከጠረጴዛ ሲነሳ እንዲህ ያደርጋል፤ ምንም አልያዝኩም ብሎ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ማሳየቱ ነው። እዚያ ያለው ጣሪያ የማደያው ነው፣ የሚያየውም የለም። እሱ ራሱ ማድረጉን አላወቀም።

መኪናውን እኔ ነዳሁ። እንቅልፍ እንዳይወስደው ነው መሰለኝ ማውራት ጀመረ። «ተጫውተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «እኔ? ምን ነካህ!» አለ። የአሜሪካ ሩሌት 38 ጉድጓድ አለው፤ ከ1 እስከ 36፣ ዜሮ፣ ድርብ ዜሮ። ቁጥርህ ሲወጣ የሚከፈልህ ግን 35 እጥፍ ብቻ ነው። በዚያች ልዩነት ካሲኖው ተጫዋቹ ከሚያስይዘው መቶ ዶላር በአማካይ አምስት ከሩብ ያህል ይወስዳል፣ ማንም ሳይሰረቅ፣ ማንም ሳይታለል። «ሰዉ ዕድል ይላል፣ እኔ ስምንት ሰዓት ቆሜ የማየው ሒሳብ ነው» አለኝ። «የሚገርመኝ ግን የሚበላው ሰው አይደለም። የሚያሸንፈው ነው። አሸንፎ፣ አመስግኖኝ፣ ቲፕ ሰጥቶኝ ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ተመልሶ ያስረክባል። እኔም ‹እንኳን ደህና መጡ› እለዋለሁ። ምን ልበለው?» ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘመመ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም እንዳይነቃ ፍሬኑን ከሩቅ ነበር የምይዘው። ማታ እንደ ልማዱ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ሥራ ገባ።

የውለታ ጉዳይ አስቸጋሪ ነው። የነዳጁን ልክፈል ብል ተቆጣ። ለልጆቹ ብዬ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ እማማ አግኝተው ቦርሳዬ ውስጥ መልሰው ከተቱት፣ ከበሶ ጋር። ጎማ የቀየረልኝን ቤት አስቀድሞ ደውሎ ከፍሎ አገኘሁት። ሆቴል ይዤ ቢሆንስ ብዬም አስቤያለሁ፤ ነገር ግን እሱ የሚሠራበት ከተማ መጥቼ ሆቴል ባድር ዕድሜ ልኩን አያናግረኝም። እሱ ደግሞ እውነት አለው። ሌሊቱን ሙሉ በደመወዝ ሲቀበል የሚያድር ሰው በራሱ ቤት በነፃ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል መሰለኝ። እንቅልፉን ቢያስከፍለውም። ይህን ስላወቅሁ ነው መሄዴን የማላቋርጠው፣ ሞተሯንም መግፋቴን የማልተው።

ለገና እነሱ ይመጣሉ ተባብለናል፣ ሁሉም፣ እማማም ጭምር። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ምን ልዘጋጅ፣ የት ልውሰዳችሁ፣ ባሕሩን ነው፣ ሆሊውድን ነው፣ ልጆቹን ዲዝኒላንድ ልውሰድ ወይ እያልኩ ስዘረዝር ቆይቶ፣ «ልጆቹን ውሰድ» አለኝ።

«አንተስ?»

«የምትሰጠኝ ክፍል መስኮቱ ወደ የት ነው?»

ወደ ምሥራቅ ነው። ቅዳሜ ጥቁር መጋረጃ ልገዛ እሄዳለሁ፤ ጥሩ የሚሸጥበት የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ።