አትላስ በልብስ ሠሪ ዓይን

አትላስ ስሙን ያገኘው ከአትላስ ሆቴል ነው። የልብስ ንድፍ የምንሠራው እኛ እኅትማማቾቹ ግን ሰፈሩን የምንወድለት በባሕር ዛፍ ነው፤ አዲስ ፎቅ በተጀመረ ቁጥር ግንቡን የሚከበው የእንጨት መወጣጫ፣ ሰያፍ ድጋፎቹ ሲደረደሩ ቁርጥ ጥለት ይመስላሉ። የአንድ ጅልባብ ጠርዝ ከዚያ ቀድተናል። የሀገር ልብስ ሱቆች ጥለት ብዙ ጊዜ መስቀል ስላለበት፣ ለሙስሊም ደንበኞቻችን ሌላ መልክ መፈለግ የዘወትር ሥራችን ነው። እነዚያን ሱቆች ግን አንዘልም፤ ሸማውን በጣት መዳበስ ብቻውን ትምህርት ነው።

የምግቡ ነገር ይከብዳል። ምግብ ቤቱ ሞልቷል፤ አራጁን መጠየቅ ግን ግድ ነው። ሥጋ ሲያምረን ቦሌ ሚካኤል ወርደን ከሶማሌዎቹ ዘንድ ሩዝ በሙዝ እንበላለን። (ሙዙን ከሩዝ ጋር ማን እንዳገናኘው እንጃ፣ ይስማማል!)

ረቡዕና ዓርብ ግን ከአትላስ አንወጣም። የክርስቲያኖች ጾም ነውና በየዓይነቱ በየቤቱ ይቀርባል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ለሁላችንም የተፈቀደ ነው። ጥልፍ የምትጠልፍልን ክርስቲያን ባልንጀራችን ከእኛ ጋር ሳትሳቀቅ ከአንድ ትሪ የምትጎርሰው በእነዚህ ቀናት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ እኛም እንጠብቃታለን። በልተን እጃችንን ስንታጠብ የዐስር ሶላት ይደርሳል፤ እሷም ጥልፉን ይዛ ትቆየናለች።