የሰማንያ ቀን ውሃ

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ውሃ ማለት ለእኛ ጀሪካን፣ ወረፋና ጭቅጭቅ ነው። በሥርዓታችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። የልጄም ሰማንያ ቀን በሙቀቱ ወራት ደረሰ።

ባለቤቴ ግን አሻፈረኝ አለች። «በዚህ ጨው ጨው በሚል ውሃማ ልጄን አላስጠምቅም። አገራችን ስንገባ ይደርሳል» ብላ አለቀሰች። መቼ እንደምንገባ ግን ከሁለታችን የሚያውቅ አልነበረም።

ጎረቤታችን የሆኑት አፋር እናት ይህን ሰምተው ሳቁ። «ልጄ፣ የምትጠጪው ከየት የመጣ መሰለሽ? ከአገርሽ እኮ ነው» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሶማሌ ክልል ከአዲጋላ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል። እኛ በስንት መከራ የተሻገርነውን ድንበር እሱ ያለ ወረቀት ይሻገረዋል።

በቀኗ ማለዳ ሁለት ጀሪካን ተሸክመን ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ አንዱን የሞሉልን እኚያው ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ጨዋማነቱን ለቄሱ ብነግራቸው «ውሃውን የሚቀድሰው ጸሎቱ ነው እንጂ ጣዕሙ አይደለም» አሉኝ። ጸልየው በመስቀል ባረኩት። ልጄ ሦስት ጊዜ ተነከረች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማተብ ታሰረላት፤ የክርስትና እናቷም ታቀፈቻት።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ የሕፃኗን ግንባር ስማ «አሁንም ጨው ጨው ይላል» አለችኝ። ከውሃው ይሁን ከእንባዋ አልጠየቅኋትም።